የዚሊስ ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን፦ ጉብኝቱን አስቀድሞ ማሰናዳት

ዚሊስ በምሥራቃዊ ስዊዘርላንድ፣ ግራውቡንደን በሚባለው ካንቶን፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ከጥቂት መቶ አይበልጡም። መንደሯ ያረፈችበት ሸለቆ ሻምስ ይባላል፤ በመሐሉም የራይን ወንዝን ከሚፈጥሩት ሁለት ወንዞች አንዱ የሆነው ሂንተርራይን ይፈስሳል። የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን የታነጸው በቅዱስ ማርቲን ስም ነው። ነጭ ግድግዳና ጫፉ የሾለ የደወል ቤት ስላለው፣ ከሩቅ ለሚያየው በየአልፕሱ መንደር ከሚታዩት አብያተ ክርስቲያናት አይለይም። ልዩ የሚያደርገው ኮርኒሱ ነው። ከምእመናኑ ራስ በላይ የተዘረጋው ጠፍጣፋ የእንጨት ኮርኒስ ከዳር እስከ ዳር በ153 ሥዕሎች ተሞልቷል። ሥዕሎቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1109 እስከ 1114 ባሉት ዓመታት እንደሆነ ይገመታል፤ ንጉሥ ላሊበላ በኢትዮጵያ ከመንገሡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይቀድማሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕድሜ ኖሮት፣ ከሞላ ጎደል ሳይጎድል እስከ ዛሬ የቆየ ባለ ሥዕል የእንጨት ኮርኒስ በምዕራቡ የክርስትና ዓለም ሌላ የለም። በጀርመን አገር በሂልደስሃይም ከተማ ያለው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝነኛ ኮርኒስ እንኳ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ብዙ መንገደኛ ግን ዚሊስን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። የስዊዘርላንድን ሰሜን ከደቡብ የሚያገናኘው ኤ13 የተባለው አውራ ጎዳና በአጠገቧ ያልፋል፤ ወደ ሳን በርናርዲኖ ዋሻ የሚበርረው መኪና መንደሯን አልፎ ለመሄድ ሁለትና ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ከሌላ ጉዞ ላይ ሩብ ሰዓት ቆርጦ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎራ የሚል ሰውም ቢሆን አንገቱን አሞት ይወጣል እንጂ ሥዕሉን አየሁ ለማለት አይበቃም። 153 ሥዕል በአንድ ጊዜ ዓይን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ወደ ዚሊስ የሚደረግ ጉዞ ሲታቀድ መነሻው ኮርኒሱ ራሱ መሆን አለበት፦ ምን ተሥሎበታል፣ ከየት ወዴት ይነበባል፣ ለማንበብስ ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል? የባቡሩና የአውቶቡሱ ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የኮርኒሱ አሠራር በራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሳንቃዎቹ በ17 ረድፍና በ9 ዓምድ የተደረደሩ ናቸው። እያንዳንዱ ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን ጎኑ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሠዓሊዎቹ በእንጨቱ ላይ ቀጭን የጄሶ ልባስ አለበሱበት፤ ሥዕሉንም እታች ሆነው ከጨረሱ በኋላ ሳንቃዎቹን ወደ ላይ አውጥተው በክፈፎቻቸው ገጠሟቸው። ስማቸውን የጻፈ የለም። የሚታወቁት በእጃቸው ሥራ ብቻ ነው፦ በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበቡ ሰዎች፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ በቀይ አፈር፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በግራጫማ ሰማያዊ ቀለም የተሞላ ልብስ። ከሰዎቹ በስተጀርባ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ አንድ ዛፍ ወይም አንድ በር ቦታውን ለማመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች የለመደ ዓይን እዚህ ብዙም እንግድነት አይሰማውም።

153 የሚለው ቁጥር የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢን ጆሮ ወዲያው ያቆማል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ፣ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሲገለጥ፣ ደቀ መዛሙርቱ በመረባቸው የሳቡት ትልልቅ ዓሣ ቁጥር 153 ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ ይህን ቁጥር ሲያብራራ ከ1 እስከ 17 ያሉት ቁጥሮች ቢደመሩ 153 እንደሚሆኑ አስተውሏል። የዚሊስ ኮርኒስ ደግሞ ረድፉ ልክ 17 ነው። ይህን ሁሉ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ በተለይ ኮርኒሱን ዙሪያውን የከበበው ባሕር ሲታይ።

ዳር ዳሩን ከያዙት 48 ሳንቃዎች መካከል አብዛኞቹ የሚያሳዩት ውኃና በውኃው ውስጥ የሚኖሩ አስደናቂ ፍጥረታት ነው። ፊቱ አንበሳ፣ ጅራቱ የዓሣ የሆነ አለ። ፍየል አለ፣ ዝሆንም አለ፤ ሁሉም ከወገባቸው በታች ዓሣ ናቸው። ሠዓሊው ዝሆን በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ከሥዕሉ መገመት ይቻላል። ከወገብ በላይ ሴት፣ ከወገብ በታች ዓሣ ሆነው መሰንቆ መሰል መሣሪያ፣ በገናና ቀንደ መለከት የሚጫወቱ ፍጥረታትም ይታያሉ፤ በጀልባ ላይ ያሉ ሰዎችም እንዲሁ። በአራቱ ማዕዘን አራት መላእክት ቆመዋል። እነዚህ የአራቱ ነፋሳት መላእክት ሲሆኑ፣ በሁለቱ አጠገብ የደቡብ ነፋስና የሰሜን ነፋስ ስም በላቲን ተጽፏል። አሳቡ የመካከለኛው ዘመን ሰው ዓለምን የሚያይበት ነው፦ ምድር በመካከል፣ ውቅያኖስ በዙሪያዋ፣ ነፋሳት በአራቱ ጥግ። የማይታወቀውና የሚያስፈራው ነገር በዳር ይቀራል፤ በመሐል ያለው ደረቅ ምድር የወንጌል ታሪክ ይፈጸምበታል።

በመሐል ያሉት ሳንቃዎች 105 ናቸው፤ በ15 ረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው ተደርድረዋል። ንባቡ ከመሠዊያው በኩል ይጀምርና ረድፍ በረድፍ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚመጡት ከዳዊትና ከሰሎሞን ወገን የሆኑ፣ የጌታ የዘር ሐረግ የሚቆጠርባቸው ነገሥታት ናቸው። ከዚያ የቅዱስ ገብርኤል ብሥራት፣ ልደት፣ የእረኞቹ ዜና፣ የሰብአ ሰገል ጉዞ ይከተላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ታሪክ በአንድ ሳንቃ አያልቅምና። ሰብአ ሰገል በፈረሶቻቸው ላይ ሆነው ከሳንቃ ወደ ሳንቃ ይሻገራሉ፤ ሄሮድስ በሌላ ሳንቃ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። በክፈፉ የተለያዩትን ሳንቃዎች በልብ እያገናኙ ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው የተበታተኑ ፈረሰኞችን ያያል፤ ያወቀው ግን አንድ ረጅም ጉዞ ይከተላል። ወደ ግብፅ ስደት፣ የቤተልሔም ሕፃናት መታረድ፣ ጥምቀት፣ በምድረ በዳ የሰይጣን ፈተና፣ ቃና ዘገሊላ፣ ሳምራዊቷ ሴት በጉድጓዱ አጠገብ፣ የአልዓዛር መነሣት፣ ሆሣዕና፣ የመጨረሻው እራት፣ ጌቴሴማኒና የይሁዳ መሳም በቅደም ተከተል ይመጣሉ።

ከእነዚህ መካከል በአራቱ ወንጌላት ውስጥ የማይገኝ አንድ ሥዕል አለ። ሕፃኑ ኢየሱስ ከጭቃ ያበጃቸውን ወፎች ሕይወት ሲሰጣቸው ያሳያል። ታሪኩ የመጣው የጌታን ልጅነት ከሚተርኩ ከቀኖና ውጭ ከሆኑ ጥንታዊ ጽሑፎች ነው። በአውሮፓ ያለ ተራ ጎብኚ ይህን ሳንቃ ያለ ማብራሪያ አያውቀውም፤ በኢትዮጵያ ግን ይኸው የጭቃ ወፎች ተአምር በተአምረ ኢየሱስ ውስጥ ስለሚነበብ፣ በቤተ ክርስቲያን ያደገ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉን ገና ሲያየው ሊለየው ይችላል። በሺህ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ሁለት የተራራ አገሮች አንድ ዓይነት ታሪክ ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ መቀበላቸው ለዚህ ሳንቃ ጥቂት ደቂቃ መስጠትን ተገቢ ያደርገዋል።

የመሐለኛው ታሪክ መጨረሻ ያልተጠበቀ ነው። ጌታ የእሾህ አክሊል ሲደፋ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ስቅለት የለም፤ ትንሣኤም የለም። ሳንቃ ጠፍቶ አይደለም፤ የመጨረሻው ረድፍ ሰባት ሳንቃዎች በሙሉ በቅዱስ ማርቲን ሕይወት የተያዙ ናቸው። ስቅለቱና ትንሣኤው በመሠዊያው ላይ በሚቀርበው ቅዳሴ ይታሰቡ ስለነበር በሥዕል መድገም አላስፈለገም የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም ሠዓሊዎቹ የጻፉት ምክንያት ስለሌለ ጥያቄው ክፍት እንደሆነ ይኖራል። ቅዱስ ማርቲን በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረ ሲሆን መጀመሪያ የሮም ወታደር፣ በኋላ በፈረንሳይ የቱር ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ነበር። በዚሊስም የሚታወቅበት ታሪኩ ተሥሏል፤ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ የኔ ቢጤ ካባውን በሰይፉ ለሁለት ከፍሎ ሲሰጥ። ብርድ ምን እንደሆነ በደንብ በሚያውቅ የተራራ መንደር ይህ ቅዱስ ጠባቂ ሆኖ መመረጡ አያስገርምም።

የሕንፃው ታሪክ ከኮርኒሱ ይረዝማል። በዚህ ሸለቆ በኩል የሚያልፈው መንገድ ከሮማውያን ጊዜ ጀምሮ ሰው ወደ ሽፕሉገንና ወደ ሳን በርናርዲኖ የተራራ በሮች የሚወጣበት ነበር። በቁፋሮ እንደታወቀው በቦታው ላይ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ500 አካባቢ ነው። በ800 አካባቢ በሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ተተካ። በ940 የጀርመን ንጉሥ ኦቶ 1ኛ ቤተ ክርስቲያኑን ለኩር ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ሰጠ። አሁን የሚታየው የምእመናኑ ክፍል ኮርኒሱ በተሠራበት በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተገነባ ነው፤ የመሠዊያው ክፍል ግን ፈርሶ በ1509 በጎቲክ ስልት እንደገና ተሠራ። ጎብኚው ወደ ውስጥ ገብቶ ዝቅ ያለውን የሥዕል ኮርኒስና ከፊት ለፊቱ ያለውን ከፍ ያለ የድንጋይ ቅስት ሲያይ፣ በሁለቱ መካከል አራት መቶ ዓመት እንዳለ ማወቁ ይጠቅመዋል።

የመሠዊያው ክፍል ከታደሰ ብዙም ሳይቆይ በ1530ዎቹ ሻምስ የፕሮቴስታንት ተሐድሶን ተቀበለች። በብዙ የስዊዘርላንድ አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ዘመን ሥዕሎች ተፋቁ፣ በኖራም ተሸፈኑ። የዚሊስ ኮርኒስ ከዚህ ተረፈ። ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዛሬ የተሐድሶ ምእመናን የሚገለገሉበት ነው፤ ግድግዳው ባዶ፣ መሠዊያው ቀላል ነው፤ ሥዕሉ ያለው ከላይ ብቻ ነው። የውጭው ዓለም ስለዚህ ሥራ ያወቀው በ1872 ሲሆን፣ ያስተዋወቀውም የስዊዘርላንዱ የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ዮሐን ሩዶልፍ ራን ነው። ከ1938 እስከ 1940 ድረስ ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ወርደው በሄንሪ ቧሶና መሪነት ታደሱ። ቀድሞ በተደረጉ ጥገናዎች ቦታቸው ተዛንፎ ስለነበር፣ ሲመለሱ በኤርዊን ፖሽል ጥናት መሠረት ተደረደሩ። የዛሬው ቅደም ተከተል እንግዲህ በከፊል የሊቃውንት ፍርድ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ታሪኩ የሚዘልል ቢመስል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ሥዕሉን እንዴት ማየት እንደሚቻል ዚሊስ የራሷ መፍትሔ አላት። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለጎብኚዎች የእጅ መስታወት ተቀምጧል። ጎብኚው መስታወቱን በሆዱ ትይዩ ጠፍጣፋ አድርጎ ይይዘዋል፤ ወደ ታች ሲያይ ኮርኒሱ እጁ ላይ ይመጣለታል፤ አንገቱን ሳያጎብጥ ቀስ እያለ እየተራመደ ረድፉን ይከተላል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፦ መስታወት ግራና ቀኝን ይገለብጣል። ሰብአ ሰገል በመስታወቱ ውስጥ የሚጋልቡበት አቅጣጫ ከእውነተኛው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ አንድን ረድፍ በመስታወት ካዩ በኋላ ቀና ብሎ በዓይን ማረጋገጥ ጥሩ ልማድ ነው። የርቀት ማያ መነጽር ያለው ሰው ይዞት ቢሄድ አይቆጭም፤ የዳሩን ፍጥረታት ጥርስና የነገሥታቱን ዘውድ ለይቶ ለማየት ከመስታወቱ ይልቅ መነጽሩ ይረዳል። መንደሯ ውስጥ ስለ ኮርኒሱ የሚያስረዳ አነስተኛ ዐውደ ርእይ አለ። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን ማየት ከተቃራኒው ቅደም ተከተል በእጅጉ ይሻላል። ለሁለቱ አንድ ላይ ሁለት ሰዓት ቢመደብ ብዙ አይደለም።

ወቅት መምረጥ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው። የወራቱ ስም እዚህ ላይ ሊያሳስት ይችላል፤ በኢትዮጵያ ክረምት የሚባሉት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በአልፕስ የሙቀትና የረጅም ቀን ወራት ናቸው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ለዚህ ጉብኝት የተመቸ ነው፤ መስከረም በተለይ ሰማዩ የጠራ፣ ሰውም የቀነሰ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ በድንገት ስለሚጥል ጠዋት መድረስ ይመረጣል። ከኅዳር እስከ መጋቢት በረዶ አለ፣ ቀኑም አጭር ነው። በእነዚህ ወራት ቤተ ክርስቲያኑን ማየት ቢቻልም የመክፈቻው ሰዓት ሊያጥር ስለሚችል ከመነሣት በፊት ማረጋገጥ ግድ ነው።

ከፍታው ለኢትዮጵያዊ አሳሳቢ አይደለም። ዚሊስ ከባሕር ወለል በላይ 945 ሜትር ያህል ላይ ነው የምትገኘው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ከፍ ትላለች። ብርዱ ግን ከከፍታው ጋር አይመጣጠንም፤ አገሩ ወደ ሰሜን የራቀ ስለሆነ በሞቃቱ ወራት እንኳ ማለዳና ማታ ይቀዘቅዛል። ከሁሉ በላይ የድንጋዩ ሕንፃ ውስጡ ብርድ ነው። ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው አሮጌው እንጨት ይኮማተራል፣ በላዩ ያለው የጄሶና የቀለም ንብብር ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለሥዕሉ ሲባል ሙቀትና እርጥበቱ በጥንቃቄ ይጠበቃል። ሁለት ሰዓት ቆሞ የሚያይ ሰው በነሐሴም ቢሆን ሹራብ ያስፈልገዋል።

የመጓጓዣው መንገድ ቀላል ነው። ከዙሪክ ዋና ባቡር ጣቢያ የካንቶኑ ዋና ከተማ ወደሆነችው ኩር የሚሄደው ባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከኩር ቀዩ የሬቲያ ባቡር ወደ ቱዚስ ያደርሳል፤ ይህም ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ይኸው ባቡር ከቱዚስ አልፎ ወደ ሳንክት ሞሪትዝ ስለሚቀጥል መውረጃውን መጠበቅ ያስፈልጋል። ቱዚስ ጣቢያ በር ላይ ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ይቆማል፤ በመሐል ያለውን ጠባብ ገደል አልፎ ዚሊስ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አውቶቡሱና ባቡሩ እንዲገናኙ ተደርገው የተመደቡ ቢሆንም በሰንበትና በበዓል ቀን የአውቶቡሱ ምልልስ ሊሳሳ ይችላል። የጉዞ ሰሌዳው የሚጻፈው በ24 ሰዓት የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ 14፡10 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማለት ነው። በዚህ የተነሣ አውቶቡስ ያመለጠው እንግዳ ጥቂት አይሆንም፤ ሰሌዳውን በአገሩ አቆጣጠር ጽፎ መያዝ ያዋጣል።

ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2008 ጀምሮ በሸንገን ክልል ውስጥ ናት። በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን መያዝ ግን አለበት። ከኢትዮጵያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚነሣ መንገደኛ የሸንገን ቪዛ ይጠይቃል፤ ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል፣ ቢዘገይ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት መግባት ይኖርበታል። ገንዘቡ የስዊስ ፍራንክ ነው። የስዊስ የትራንስፖርት ዋጋ ውድ ስለሆነ፣ ለውጭ ጎብኚዎች የተዘጋጀውን የጉዞ ካርድ ወይም የግማሽ ዋጋ ካርዱን ከነጠላ ትኬት ጋር ማነጻጸር ተገቢ ነው፤ ካርዶቹ በባቡሩም በፖስታ አውቶቡሱም ይሠራሉ። ለቤተ ክርስቲያኑ መጠነኛ የመግቢያ ክፍያ አለ። ገንዘቡ ለጥበቃው ይረዳልና ቅር ሳይሰኙ መክፈል ይገባል።

ቤተ ክርስቲያኑ አሁንም የሚጸለይበት ስለሆነ ጎብኚው እንደ ሙዚየም ሊያየው አይገባም። የእሑድ አምልኮ፣ ሠርግ ወይም የቀብር ሥርዓት ሲኖር ጉብኝት ይቆማል፤ ስለዚህ እሑድ ጠዋትን ከዕቅድ ማውጣት ጥሩ ነው። ጫማ ማውለቅ አይጠየቅም፣ ሴቶች ራሳቸውን በነጠላ ወይም በሻሽ እንዲሸፍኑም ግዴታ የለም፤ ወንድ ቆቡን ቢያወልቅ ግን ክብር ነው። ፎቶ ማንሣትን በሚመለከት በር ላይ ያለውን ማሳሰቢያ መከተል ይገባል፤ ፍላሽ በማንኛውም አሮጌ ሥዕል ፊት መብራት የለበትም። በቡድን የሚሄዱ ሰዎች፣ ለምሳሌ የአንድ ማኅበረ ምእመናን አባላት፣ አስጎብኚ ከፈለጉ አስቀድመው መጻፍ አለባቸው። የሸለቆው የቀድሞ ቋንቋ ሮማንሽ ቢሆንም ዛሬ የሚሰማው በአብዛኛው ጀርመንኛ ነው። ሕፃናት ይዘው የሚመጡ ወላጆች ከመሐለኛው ታሪክ ይልቅ ከዳሩ ቢጀምሩ ይቀናቸዋል፤ የዓሣ ጅራት ያለውን ዝሆን በመስታወት መፈለግ ልጁን ለረጅም ጊዜ ይይዘዋል።

ቀኑ የሚበቃው ሰው ከቱዚስ እስከ ዚሊስ ያለውን ቪያማላ የተባለውን ገደል ሳያይ ባይመለስ ይመረጣል። ሂንተርራይን ዓለቱን ሰንጥቆ ያበጀው ይህ ጠባብ ገደል ግድግዳው እስከ 300 ሜትር ይደርሳል፤ አንዳንድ ቦታ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚነካኩ ይመስላሉ። 359 ደረጃዎች ወደ ወንዙ አጠገብ ያወርዳሉ። በላዩ ላይ በ1739 የተሠራ የድንጋይ ድልድይ እስከ ዛሬ አለ። መውረጃው በበረዶው ወራት ይዘጋል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰውም የወረደውን ሁሉ መልሶ እንደሚወጣው ማሰብ አለበት። ጤነኛና ጫማው የበረታ ሰው ከቱዚስ ዚሊስ ድረስ በእግሩ መሄድ ይችላል፤ መንገዱ ወደ ጣልያኗ ኪያቬና ከተማ የሚደርሰው የ65 ኪሎ ሜትር የእግረኛ መንገድ አካል ነው። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚበዛው የግማሽ ቀን ጉዞ አድርጎ መያዝ ይገባል። በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው ኮርኒሱን የሠሩትና ያዩት ሰዎች ከየት ወዴት ይመጡ እንደነበር በእግሩ ያውቀዋል። ለአደጋ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ለአምቡላንስ 144፣ ለአየር አድን 1414 ናቸው።

ሁለተኛ ቀን ያለው ሰው ከኩር ወደ ቱዚስ በሚወስደው በዚያው የባቡር መስመር ላይ ራትስዩንስ ላይ ሊወርድ ይችላል። ከመንደሩ ወጣ ብሎ በጫካ በተከበበ ጉብታ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የውስጥ ግድግዳው በ14ኛው መቶ ዘመን በተሠሩ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው፣ ቅዱሱ ደራጎኑን ሲወጋም ይታያል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ዘወትር ክፍት አይደለም፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚሊስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ደግሞ አንዴር የምትባለው መንደር ሞቃታማ የማዕድን ውኃ መታጠቢያ አላት፤ ማደሪያ ለሚፈልግ ሰውም ከዚሊስ ይልቅ እዚያ ምርጫው ይሰፋል።

ለመመለስ የሚነሣ ጎብኚ በፌርማታው ላይ የአውቶቡሱን አቅጣጫ ማየት አለበት። ግንባሩ ላይ ቱዚስ ወይም ኩር የሚል የተጻፈበት ወደ ሰሜን የሚመልሰው ነው። ሽፕሉገን ወይም ቤሊንዞና የሚል ከሆነ ወደ ተራራው በሮች ይወጣል። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ጠዋት ሲደርሱ ፌርማታው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ መዝግቦ መያዝ፣ ከእሱ በፊት ባለው አውቶቡስ ለመመለስ ማቀድም ይገባል፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላ እንዲቀር።